የእህትህ ቅያሜ

ጌታሁን፣ የኔ ዓለም፤

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው ጌሾ ለምልሟል። ታላቁ ልጅህ ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ቢቸናን ከዳር እስከ ዳር ሲያዳርሳት ይውላል፤ ብታየው «ቀስ በል» እያልህ መንገድ ዳር ትቆም ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እህትህ ስለ የሺ ነው። አንተ ስታርፍ እሷ ሞጣ አራስ ነበረች። ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ደንግጣ ጡቷ ቢነጥፍስ ብለን፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክረን ክርስትናው እስኪደርስ ደበቅናት። አንተም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር፤ እኔም ዛሬ ቢሆን አደርገዋለሁ። እሷ ግን የወንድሟን አፈር ሳታይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም፤ ለሙት ዓመትህም አልመጣችም። ሰው ሁሉ «ኩርፊያ ነው፣ ይበርዳል» ይለኝ ነበር።

እኔ ግን አንተ ያልኸው ትዝ አለኝ። ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ሳይጠራህ የቀረ ጊዜ ዝም ብትል፣ ኮረፍህ እንዴ ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ ደግሞ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ አትወድም። ኩርፊያ የልጅ ነው፣ ጠብ የባላንጣ ነው፣ ቅያሜ ግን «ይህ ሰው አይጨክንብኝም» ካሉት ነው የሚመጣው አልኸኝ። ቅር ያለው ሰው አድሮ ይረሳዋል፤ የተቀየመ ግን ይከርምበታል። ስለዚህ ፈራሁ። ከልጆችህ ሌላ ያንተ የምለው ዘመድ እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ካጣሁ ሁለተኛ ቀበርሁህ ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ገበያ ልወጣ ስል በራፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጇን አዝላ ከሞጣ መጥታለች። ግቢ፣ ቁጭ በይ ብላት እንቢ አለች፤ «ተቀይሜሻለሁ» አለችኝ ፊት ለፊት። ይገርምሃል፣ ደስ አለኝ። ይህን ለባዳ ማን ይነግራል? ሰበብ አልደረደርሁም። ልጇን ተቀብዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እዚያው ደጅ መደቡ ላይ ተቀመጥሁና አልቅሺ አልኋት። ያን ጊዜ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቶቻችን አዲስ ሬሳ የወጣ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ነገሩን ሲያውቁም አልተመለሱም፤ እነሱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ትናንት እንደሞትህ ሁሉ ከጎኗ ተቀምጠው አለቀሱ። ንፍሮ ቀቀልን። ሲመሻሽ የሺ ፊቷን ታጥባ እህል ቀመሰች።

በማግስቱ ሚኒባስ ላይ ሳሳፍራት፣ የሚመጣው ዓመት መታሰቢያህ ሞጣ እሷ ቤት እንዲሆን ወሰነች። ነገረችኝ እንጂ አልጠየቀችኝም፤ ቁርጥ አንተን።

አልረሳህም፣ ጌታሁን። እስካሁን ስምህን ጠርቼ የማለቅሰው ብቻዬን ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ሁለት ነን።

ባለቤትህ አስናቀች