ወደ ውስጥ የተሳበው አጥር

ለተከበሩት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ አሁንም ይጠዘጥዝዎታል ወይስ ያ የላክሁት ቅባት ረዳዎት? የእማዬ ዓይንስ ተሻላት? እኔ ለክፉ አይሰጠኝም፤ የናፍቆታችሁ ነገር ግን አይነሳ። ታናሼም ደህና ነው ልል ነበር፤ ለእርስዎ መዋሸት ስለማይሆንልኝ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ? እርስዎ ከጎረቤታችን ጋር በእርሻ ድንበር ዕድሜ ልክዎን ተሟግተዋል። ለመሆኑ የገዛ ድንበሩን ወደ ውስጥ ስቦ የራሱን ንብረት ውጭ የሚያስቀር ሰው አይተው ያውቃሉ? የእኛ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይህን አድርጎልዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ደንበኛችን፣ ሲሚንቶው ድንጋዩ ከተራራው ከሚፈነቀልበት ጀምሮ ከረጢት እስኪገባ ድረስ ምን ያህል ነዳጅና መብራት እንደሚበላ ተለክቶ ይቅረብልኝ አለ። ልኬቱ የእኔ ሥራ ነው፤ ቆጣሪ አነባለሁ፣ ናፍጣ እመዘግባለሁ፣ እደምራለሁ። ደምሬ ሳቀርብ የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ። ከሁሉ የባሰው በላተኛ በናፍጣ የሚሠራው አሮጌው የድንጋይ መፍጫ ነበር።

መፍጫውን መቀየር የአባት ነበር። አስኪያጁ ግን አማካሪ አስመጣ። ሠራተኛው «ሊቁ» ይለዋል፤ ጫማውን አቧራ እንዳይነካበት በፌስታል ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ነው። ሊቁ ግቢውን አንዴ ዞረና ልኬቱ ከአጥር እስከ አጥር ይሁን፣ ከአጥር ውጭ ያለው አይመለከተንም ብሎ ፈረደ። መፍጫው ግን አጥሩ ውስጥ ነው! እንዳያነሱት ከበዳቸው፤ ስለዚህ አጥሩን አነሱት። እየቀለድኩ አይደለም። በያጆች መጥተው ቆርቆሮውን ነቀሉና ከመፍጫው ወዲህ ተከሉት። መፍጫው እዚያው ቆሞ ያጓራል፣ ያንኑ ናፍጣ ይጠጣል፣ የፈጨውን በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብለናል። ቁጥሩ ግን ወረደ። ሊቁ አስኪያጁን ያመሰግናል፣ አስኪያጁ ሊቁን ያመሰግናል፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ።

ስቄ ባለፍኩት ነበር። ግን መፍጫው ላይ የሚሠራው ታናሼ ነው። አጥሩ ሲነሳ እሱም ከመፍጫው ጋር ውጭ ቀረ። የፋብሪካው ሠራተኛ አይደለህም፣ ከዛሬ ጀምሮ መፍጫውን በተረከበው ኮንትራክተር ሥር ነህ ተባለ። ክሊኒካችንም ካርድህ አይሠራም ብሎ መለሰው። ክፍላችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ሲያስል እሰማዋለሁ፤ አቧራው ደረቱ ገብቷል። እነዚህ ሰዎች ናፍጣውን ሲቀንሱ የእርስዎንም ልጅ አብረው ቀነሱት። ሌባ እንኳ ሰርቆ ይደበቃል፤ እነሱ ቁጥሩ ወረደልን ብለው ኬክ ቆረሱ። ናቅኋቸው አባቴ፣ ከልቤ ናቅኋቸው።

ትናንት ሊቁ ሪፖርቱን ይዞ መጣና የለካሽው አንቺ ነሽ፣ ፈርሚ አለኝ። መፍጫውስ ብዬ ብጠይቀው፣ እህቴ እሱ እኮ ከወሰናችን ውጭ ነው እያለ እንደ ሕፃን አባበለኝ። እኔ ድንበር ምን እንደሆነ ከአባቴ ተምሬአለሁ፣ አንተ አታስተምረኝም አልኩት። አልፈረምኩም። መፍጫው ያለበትን የመጀመሪያውን ድምር ራሱን ለደንበኛው ላክሁት። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው፣ ምስኪን፣ አንገቱን ደፍቶ እንዳትገቢ ተብሏል አለኝ።

እንግዲህ ይህን የምጽፍልዎ ታናሼ ምሳውን የሚበላባት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ደንበኛው የማንን ቁጥር እንደሚያምን አላውቅም። ነገ ግን ታናሼን ትልቁ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፤ ሐኪሙ የሚለውን ሳልደብቅ እጽፍልዎታለሁ። ለእማዬ ስለ ሳሉ ቀስ አድርገው ይንገሯት።

እማዬን ዓይኗን ይሳሙልኝ። እትዬን ከነልጆቿ፣ አጎቴንም ከነሳቁ ሰላም ይበሉልኝ። ጎረቤታችንንም ሰላም ይበሉት፤ ድንበራችንን ቢገፋም፣ እሱስ መሬቱን ወዶት ነው።

ሴት ልጅዎ
ከአጥሩ ውጭ፣ መጋቢት 14 ቀን