መኪና የታሰረበት ገመድ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ነፋሱ ደህና ስለሆነ ቤታችን በሆነችው ጀልባ ላይ ልብስ አጠብኩ። የልጄ የሚጣ አንድ እግር ካልሲ እንደልማዱ ባሕር ገባ። ይህቺ ልጅ መቼ ይሆን ሁለት አንድ ዓይነት ካልሲ የምታደርገው?

አማቴ አባባ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ባለፈው ጀልባዋን ወደብ ላይ ሊያስሩ ገመድ ይዘው ወደ መሬት ሲዘሉ ወደቁ፤ ክንዳቸው ተላላጠ። «አዳልጦኝ ነው እንጂ...» ይላሉ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያብሰለስላል።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ያብሰለሰለው ወጣለት። ዕቃ ሳጥብ ጠጋ ብሎ...
«ቅዳሜና እሁድ መኪና ልከራይና መሃል አገር አክስቴ ጋ እንሂድ። አባባ እዚያው ይቅሩ።»
«ነግረሃቸዋል?»
«ስንደርስ እነግራቸዋለሁ።»
ሞተር ሊያይ ወረደ። ነገር ሲከብደው መሸሸጊያው ሞተር ነው። እኔስ? የአባባን ልብስ በዛ አድርጌ ሸከፍኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
መኪና ተብዬው! አከራዩ ቁልፉን ሲሰጠን «የእጅ ፍሬኑ አይይዝም፤ ቁልቁለት ላይ ስታቆሙ ተጠንቀቁ» አለን። ባሕር ላይ አንድም ቀን አቅለሽልሿት የማያውቃት ሚጣ መሬት ላይ አስመለሳት። አባባ ባርኔጣ ውስጥ! «ደግ አደረግሽ፣ አርጅቶ ነበር» አሏት።

የአክስቱ የእቴቴ ቤት፣ የአባባ ታናሽ እህት ናቸው፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ገና ስንቆም አባባ ወረዱና ከእግራቸው ሥር ገመድ አወጡ። ከጀልባዋ ይዘውት መጥተው ኖሯል! መኪናዋን ከኋላ ከአጥሩ በር ምሰሶ ጋር ጥፍር አድርገው አሰሯት። «ታስሯል!» አሉ፣ ወደብ ስንደርስ እንደሚሉት።

እቴቴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወንድምዓለም፣ መኪና ይሰምጣል ብለህ ነው?»

እቴቴ ለአባባ ያዘጋጁላቸውን ክፍል አየሁት። አዲስ አንሶላ፣ ከአልጋው ጎን መደገፊያ... ምንም አይወጣለትም። እራት ላይ ባለቤቴ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ «ዳቦ አቀብሉኝ» አለ።

እሁድ፣ የካቲት 8
የዛሬውን ጉድ ስጽፍ ልሳቅ ወይ ላልቅስ እንጃ።

ጠዋትም አልደፈረም። የአባባን ሻንጣ ከመኪናው አውርዶ በረንዳው ላይ አስቀመጠና «ጥቂት ይረፉ አባባ፣ እንመለሳለን» አላቸው። አባባ ሻንጣውን አዩ። እኔን አዩኝ። አቀርቅሬ ሚጣን ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ባለቤቴ እንባው ሳይቀድመው ዘሎ ገባና ነዳ። ጀልባ ላይ አባባ «ተፈቷል!» ካላሉ ሞተር ነክቶ አያውቅም። ዛሬ አልጠበቀም። ገመዱ የታሰረበት ምሰሶ ከነ በሩ ተነቅሎ መንገዱ ላይ ተዘረረ!

«አባባ! ገመዱን አልፈቱትም እንዴ?» አለ ባለቤቴ ወርዶ።
«ማን ፍታ አለኝ?»
አባባ በረንዳው ላይ ወዳለው ሻንጣ አመለከቱ።
«መቅረቴንስ ማን ነገረኝ? ከሻንጣ ነው የምሰማው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ባለቤቴ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ቢወድቁብኝስ? ባሕር ቢወስድብኝስ?»
«እንደሱ በለኝ እንጂ...» አጠገቡ ተቀመጡ።

ያኔ አፌ ተላቀቀ። «አባባ፣ እርስዎ ምን ይሻልዎታል?» ይህቺን ለመጠየቅ በር መነቀል ነበረበት?
«ከእናንተ ጋር። መዝለሉን ግን... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻለሁ።»

እቴቴ አይናቸውን ጠረጉ። «ጥሩ። በሬን ሳትተክሉ ግን ማንም አይሄድም!» ጉድጓድ ስንቆፍር ዋልን። አባባ ምሰሶውን ይዘው «ወደ ግራ... ኧረ ግራ!» ይላሉ። ሻንጣውን ሚጣ መልሳ ጫነችው። ማንም አላዘዛትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12
ትናንት ሌላ ወደብ ገባን። ገመድ ይዤ የዘለልኩት እኔ ነኝ! አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው «አዙሪው... ደግመሽ አዙሪው... ይሄ ቋጠሮ ነው ሹሩባ?» እያሉ አበሳዬን አሳዩኝ።

ዛሬ ጠዋት ልንነሳ ስንል ባለቤቴ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ዞረ።
«አባባ፣ እንሂድ?»
አባባ ወደ እኔ አዩ። «ፈታሽ?»
«ፈትቻለሁ።»
ተንጠራርተው ገመዱን በዓይናቸው ፈተሹ። አላመኑኝም መሰለኝ... ቆዩብን። ባለቤቴ ግን ጠበቀ።
«ተፈቷል!» አሉ።
ሞተሩ ተነሳ።