የእትዬ ድምፅና አዲሱ ሳውንድ ካርድ

ጥቅምት 3
ከሥራ እንደወጣሁ እቃ ቤቱን አጸዳሁ። አሮጌውን ምንጣፍ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ። ስቱዲዮ ሆነ ማለት ነው እንግዲህ... እትዬ ብቅ ብላ «ዶሮ ልታረባ ነው?» አለችኝ። ሳቅን። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ሰርግ ላይ እየዘፈነች ነው ያሳደገችኝ። ያን ሁሉ ሰርግ ያደመቀች ሴት አንድ ዘፈን እንኳ ሳይቀረጽላት? ራሷ የደረሰቻቸውን እንቀርጻለን።

ጥቅምት 9
ሳውንድ ካርድ ገዛሁ፤ ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ሳጥን። ባለሱቁ ትንሹን አነሳልኝ። «ለአንድ ዘፋኝና ለአንድ ጊታር ሁለት መሰኪያ ይበቃሃል። ዋናው ነገር፣ የዘፈነችው ድምፅ ተመልሶ ጆሮዋ እስኪገባ እንዳይዘገይ ነው።» እኔ ግን ዓይኔ ትልቁ ላይ ቀረ... መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው። እሱን ያዝኩ። «ድራይቨሩን፣ ሳጥኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ሳትጭን እንዳትጀምር፣ ደግሞ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው» ሲለኝ እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ። አዋቂ ነኛ!

ጥቅምት 11
ሰካሁት፣ ሠራ! ድራይቨር ምናምን ሳያስፈልገው። የኮምፒውተሩ መሰኪያ ስላነሰኝ ፕሪንተሩና ማውሱ ያሉበት የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ደረብኩት።

ጥቅምት 14
ቀረጻው አልሆነም። እትዬ ሄድፎን አድርጋ ትዘፍናለች፣ ከኮምፒውተሩ የለቀቅኩላት የከበሮ ምት ይቀድማታል። ደገምን። ባሰ። «ድምፄ ከኋላዬ ይመጣብኛል» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አልጠየቅኳትምም። የተቀረጸውን መልሼ በስፒከር አሰማኋት። እውነትም ትጎተታለች።

«እትዬ፣ ምት ጠፍቶብሻል።»

«እኔ?»

«ይኸው፣ ማሽን አይዋሽም። ዕድሜም አለ እኮ...»

 ሄድፎኑን አውልቃ ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለች። «ደክሞኝ ይሆናል» ብላ ወጣች።

ዕድሜን ምን አመጣው? ምላሴን በቆረጠው።

ጥቅምት 22
ቅዳሜ ሰርግ አልሄደችም። ጉንፋን ነው አለች። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ...

ኅዳር 1
እትዬ ሰርግ ላይ አብራው የምትሠራው ባንድ ከበሮ መቺ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«እህትህን ምን ነካት? ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ አለችን እኮ።»

«ለምን አለች?»

«ምት እየሳትኩ አላዋርዳችሁም ነው የምትለው። ከበሮውን የምመታው እኔ ነኝ፤ ስትስት ሰምቼ አላውቅም! ማን ነው እንዲህ ያላት?»

 በእሷ ቦታ አንዲት ልጅ ወስደዋል። ምን ያድርጉ፣ የሰርግ ወቅት ነው።

ኅዳር 2
እትዬ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሄድፎኑን ራሴ አደረግሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ የምሰማው ሁሌ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነበር። ማይኩ ፊት አጨበጨብኩ። ጭብጨባው ከእጄ በኋላ መጣ። ደገምኩ። ያው ነው። 

ነግራኝ ነበር እኮ! ድምፄ ከኋላዬ ይመጣል አለች። ሌላ ምን ትበል? ዘግይቶ የሚመጣውን የራሷን ድምፅ ስትጠብቅ ነው የተጎተተችው። ማንም ቢሆን ይጎተታል።

ኅዳር 3
ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ምን ላይ እንደሰካሁት ስነግረው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ድራይቨሩን ጫንኩ፤ ሳጥኑን ከማከፋፈያው ነቅዬ በቀጥታ ሰካሁት። ሳጥኑ ፊት ለፊት ላይ «ዳይሬክት» የምትል ቁልፍ አለችው፤ ስትጫን ዘፋኙ ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳይዞር ይሰማል። አፍንጫዬ ሥር ነበረች። አጨበጨብኩ። እኩል። ይቺን ታህል ሥራ ነበረች እንግዲህ...

ኅዳር 4
ነገርኳት። መጋረጃ እየተኮሰች ነበር።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የዘገየው ማሽኑ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ካውያውን አቆመች። «ልታጽናናኝ ነው?»

«አንቺን ይንሳኝ!»

«አይ የኔ ጌታ... አንተ ካልክማ እውነት ነው ብዬ እኮ ነው የተውኩት።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 12
ዛሬ መጣች። በብዙ ልመና። ቀረጽን። አንድም ምት አልሳተችም፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰርግ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትዘፍነው፤ ሰው ቢገባ ሰው ቢወጣ ግድ የላትም። ዛሬ አልጨፈነችም። በጣቷ ጭኗን መታ መታ እያደረገች፣ ስንኝ በጨረሰች ቁጥር ዞራ እኔን ታያለች።

«ልክ ነሽ እትዬ» አልኳት።

«ዝም ብለህ እንዳታወድሰኝ።»

«እውነቴን ነው።»

«እስቲ ከምቱ ጋር አሰማኝ።»

አሰማኋት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሲያልቅ፣ በልጅነቴ እጄን ይዛ ምት ያስቆጠረችኝ ሴት፣ ቀና ብላ «አሁንስ ዘገየሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።