የአነጋገር ነጥብ

የካቲት 8 ቀን 1975

ከአማኑኤል እስከ ጭድ ተራ በእግር። አውቶቡሱ ጢም ብሎ አለፈኝ... ቢቆምም መግቢያ አልነበረውም። ክሊኒክ ስደርስ ለልምምድ የሚመጡት ተማሪዎቼ ቀድመውኛል። ጠሂራም ኮሪደሩን ወልውላ ጨርሳለች። የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። አስተማሪዋ እኔ ግን ላቤን እየጠረግሁ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ከነርስ ትምህርት ቤታችን ደብዳቤ መጣ። የአሥር ዓመት ዕቅድ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ማን መረጠኝ? በቀረሁበት ስብሰባ ነው አሉ። የቀረ ሰው ይመረጣል፤ ደንቡ ይኸው ነው።

የካቲት 15

የመጀመሪያው ስብሰባ። ሰብሳቢዋ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሲስተር ለተብርሃን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ነርስ፤ ኮሌታቸው ዛሬም እንደ ካርቶን ቀጥ ያለ። ካድሬ ደግሞ ጓድ ደመቀ ተመድቦልናል። አጀንዳው ትምህርት ቤቱ የሚመራባቸው እሴቶች። ጓድ ደመቀ «እኩልነት» የሚለው በሩ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፍ አለ። ሁላችንም እጅ አወጣን። ከዚያ ቀዩ ቀለም ከየት ይገኛል በሚለው አርባ ደቂቃ ተከራከርን። ቃለ ጉባኤው ላይ ለእኩልነቱ አንድ መስመር፣ ለቀለሙ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

መጨረሻ ላይ ሂስና ግለ ሂስ። ሁሉም ቀለል ያለች ጥፋት ይዞ መጥቷል። እኔም «አረፍዳለሁ» አልኩ። ተመዘገበልኝ።

የካቲት 23

አንድ ኩሊ መጣ። አብደላ ይባላል። ጓደኞቹ ከሶማሌ ተራ ደግፈው አምጥተው፣ ሥራ አለብን ብለው ጥለውት ሄዱ። ተማሪዬ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ትለዋለች፤ እሱ በስልጢኛ ይመልሳል፤ ራሱን ይነካል። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሲጮኹበት አማርኛ የሚገባው ይመስል... ከማን ተማረችው? ከእኔ። ካርዱ ላይ «ራስ ምታት» ጻፈች፤ ልፈርምላት ብዕሬን አነሳሁ። ኪኒን ሰጥተን ልንሸኘው።

ጠሂራ መወልወያዋን እንደያዘች፣ «ሲስተር፣ ራሱን አይደለም የሚለው» አለች።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ከትናንት ወዲያ የቡና ጆንያ አንገቱ ላይ ወድቆበታል። ጣቶቹ ደንዝዘዋል። ብርጭቆ መያዝ አቃተኝ ይላል።»

አንገቱን ሳናንቀሳቅስ አስተኛነው፤ አምቡላንስ ተጠራ፤ ሆስፒታል ሄደ። ባትናገር ኖሮ በዚያ አንገት ነገ ጆንያ ሊሸከም ነበር።

የካቲት 24

አብደላ ደህና ነው፤ አንገቱን አስረውለታል። ሐኪሙ በስልክ «የመረመረው ማነው? ጎበዝ ነው» አለኝ። ምን ልበለው... አመሰግናለሁ አልኩ። አላፍርም እኮ።

በሻይ ሰዓት ጠሂራን ጠየቅኋት። ስንት ቋንቋ ትችያለሽ?

«ስልጢኛና ኦሮምኛ። ዐረብኛ ለገበያ የሚበቃ። አማርኛም... ይኸው እንደሚሰሙት።»

«ትምህርትስ?»

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ። የማትሪክ ነጥቤ ደርሶልኝ ነበር። እናንተ ጋ ቃለ መጠይቅ ላይ ወደቅሁ።»

«መቼ?»

«ካቻምና።»

ሻዬን አስቀምጣልኝ ወጣች። ካቻምና... ጠያቂዎቹ እነማን ነበርን?

የካቲት 25

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ገባሁ። አቧራው ጉድ ነው። ፋይሏን አገኘሁት። ሳይንስ፣ ጥሩ። ፍላጎት፣ በጣም ጥሩ። አነጋገር፣ ከሃያው ሁለት ብቻ። ከሥሩ «አማርኛዋ የገጠር ነው። ከሕሙማን ጋር መግባባት አትችልም።»

ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ።

መግባባት አትችልም። ይህን ያለችው አንድ ኩሊ የሚናገረው በወጉ ገብቷት የማያውቅ ሴትዮ ናት። መልኳን እንኳ አላስታውሰውም። በቀን ስንት ልጅ ነበር የምናየው... እሷስ ታስታውሰኝ ይሆን? ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም ነጭ ጋወን። በምን ትለየኛለች? አትለየኝም።

የካቲት 28

ጠሂራ ሻይ ስታመጣልኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

መጋቢት 6

ስብሰባ። ሐሳብ አቀረብኩ። የአነጋገር ነጥብ ይሰረዝ። በምትኩ ሌላ የአገራችንን ቋንቋ ለምታውቅ ነጥብ ይሰጣት። በአነጋገር የወደቁት እንደገና ይጠየቁ። ለአሥር ዓመት የምናቅድ ከሆነ ማንን እንደምናስገባ እናቅድ እንጂ...

ሲስተር ለተብርሃን መነጽራቸውን አወለቁ። «ደብሪቱ፣ እኩል የምንሆነው ደረጃ አውርደን ነው?»

«በዚህ ነጥብ ያለ አግባብ የወደቀች አለች? ማስረጃ ይቅረብ» አለ ጓድ ደመቀ።

የፈሩት ይደርሳል። ማስረጃው፣ የጠሂራ የውጤት ወረቀት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ባወጣው ምን ይሉኛል? ሕዝብ የናቀች... ከዚያስ? ሰው ባነሰ ነገር ሥራውን ሲያጣ አይቻለሁ። «አፈላልጋለሁ» አልኩ። ፈሪ።

መጋቢት 12

ነገ ስብሰባ ነው። ዛሬ ጠሂራ አንዲት ነፍሰ ጡር በኦሮምኛ ስታስቅ ሰማኋት። ሴትየዋ ስትመጣ ታለቅስ ነበር። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ማወቅ ነበረብኝ።

መጋቢት 13

ማስረጃ አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ረስተውታል። ዝም ብል ያልፍ ነበር።

ግለ ሂስ ደረሰ። ጓድ ደመቀ «ቶሎ እናደዳለሁ» አለ። ሲስተር «ሥራ አበዛለሁ» አሉ (ይህም ጥፋት ከሆነ)። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን አወጣሁ። ነጥቡን አነበብኩ፤ ከሥሩ የጻፍኩትን፤ ስሜን። የአብደላንም አንገት ነገርኳቸው። «ይህቺን ልጅ የጣልኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ወለል ትወለውልልኛለች፤ በሽተኛዬንም የምታናግርልኝ እሷ ናት።»

ጓድ ደመቀ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። አለቀልኝ አልኩ።

ሲስተር ለተብርሃን ወረቀቱን ተቀብለውኝ ብዙ ቆዩበት። «ከአዲግራት መጥቼ ትምህርት ቤት ስገባ» አሉ፣ «ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ አፌን አልከፈትኩም። እንዳይስቁብኝ ብዬ። ረስቼው ነበር።» ከዚያ ወደ ካድሬው ዞረው፣ «ጓድ ደመቀ፣ ብዕርዎን ለውሳኔው ያቆዩት።»

እሱም አቆየው። ምን ነካው? እኔ እንጃ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ዕቅዱ ውስጥ ይገባል፤ ከዘንድሮ ይጀመራል።

ስንወጣ ሲስተር ክንዴን ያዙኝ። «አንቺ ግን ለሁለት ዓመት ጠያቂ አትሆኚም።» ይገባኛል አልኩ። ይገባኛልም።

መጋቢት 15

ለጠሂራ አዲሱን ደንብ ነገርኳት። የራሴን ነገር ዘለልኩት። «እንግዲህ ልሞክር» አለች። መጽሐፎቼን ልሰጣት ቃል ገባሁ። ሌላውን ነገ እነግራታለሁ።

ግንቦት 11

ነገ አልኩ። ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ምሳ ሰዓት አብረን እናጠናለን፤ የደም ዝውውርን ከእኔ ተማሪዎች በተሻለ ይዛዋለች። በተማረችልኝ ቁጥር መናገሩ ይብስ ይከብደኛል። ብትጠላኝስ?

ነሐሴ 19

ጠሂራ አለፈች። ጠያቂዋ ሲስተር ለተብርሃን ራሳቸው ነበሩ። ደወሉልኝ። «አማርኛዋ ያው ነው» አሉ፣ «እኔ ግን ሁሉም ገባኝ።» ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ከእሷ ጋር ሌሎች አራት አልፈዋል፤ ሁሉም በዚያው በአነጋገር ወድቀው የነበሩ።

ጥቅምት 7 ቀን 1976

ጠሂራ ተመዝግባ፣ ልትሰናበት ክሊኒክ መጣች። ዩኒፎርሟ ትንሽ ሰፍቷታል፤ ሻሿ ነጭ ነው፤ አምሮባታል። መድኃኒት ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ ቃለ መጠይቁ ላይ...»

«እርስዎ መሀል ላይ ነበሩ» አለች። «ሁለት ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። ከሥሩ ያለውንም አነበብኩት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ ነው ሻይ ስታመጪልኝ የነበረው?»

«ታዲያ ላስጠማዎት ነው?»

«እዚህ መቀጠርሽስ? ሌላ ሥራ ጠፍቶ?»

«ከሕሙማን ጋር መግባባት አትችልም ብለው ጽፈው ነበር። የተማረ ሰው የጻፈው ነው፤ እውነት ይሆን እንዴ ብዬ... ልየው ብዬ ገባሁ።»

«እና?»

«በመጀመሪያው ሳምንት አወቅሁ» አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። ይቅርታ አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገች፤ የፈራ በሽተኛን እንደምታደርገው።

ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ትምህርቷ የእኔ ነው፤ በሽተኛ እንዴት ይጠየቃል የሚለው። ማስታወሻዬን ሦስት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምረው እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።