ጎንደሬው መርከበኛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፬
የለም አሉ። ከምጽዋ ወደብ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው፤ በዚህ ስም የሚታወቅ መርከበኛ አልነበረም። ለእናቴ አላነበብኩላትም። ልቧ ደክሟል፤ ሳትሞት የምትለምነው አንድ ነገር ነው፣ የአባቷን ፍትሐት። ልጅ ሳለች ወደ ባሕር ወርዶ በዚያው ቀረ። አንድ ነጋዴ ሃይማኖቱን ለውጧል ብሎ አወራ። ካህናቱ እሺ ሳይሉ፣ እሷም አልቅሳ ሳይወጣላት ይኸው አርባ ዓመት።

ረቡዕ ፭
ተናድጃለሁ! ወደ ወደቡ የላክነውን ደብዳቤ የጻፉት የአባቴ ወንድም መሪጌታ ናቸው። ቅጂውን ዛሬ አየሁት። አያቴን ካሳ አላሉትም፤ በክርስትና ስሙ ወልደ ሩፋኤል ብለው ጽፈውታል። ምነው? አልኳቸው።
«ነፍስ የምትጠየቀው በክርስትና ስሟ ነው» አሉኝ ኮስተር ብለው።
ወደብ ላይ ማን በክርስትና ስሙ ይጠራዋል ብዬ ጮኽኩባቸው። አሁን ቆጭቶኛል።

ሐሙስ ፮
ጎረቤታችን አያ ደሴ፣ ሾፌሩ፣ ጭነት ይዘው ወደ ምጽዋ ይወርዳሉ። በቃል ነገርኳቸው፦ ካሳ፣ ጎንደሬ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው። ሽማግሌ መርከበኞችን ይጠይቁልኛል። ደብዳቤ በቃኝ። መሪጌታን ይቅርታ አልጠየቅሁም። ነገ።

ዓርብ ፲፬
ተገኘ! አያ ደሴ መኪናቸውን ሳያራግፉ ቤት መጡ። ካሳ ጎንደሬው ሲሉ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ አሉ። መጀመሪያ ወደብ ላይ ተሸካሚ፤ ከዚያ ጨው ጭኖ ባሕር ማዶ ወደ ዓደን በሚመላለስ የሸራ ጀልባ ላይ፤ በኋላ በትልቅ መርከብ ከሰል አንዳጅ። አብሮት የሠራ አንድ ሽማግሌ የላከው ቃል ይኼ ነው፦
«በሁዳዴ ባሕር ላይ ከዓሣ በቀር የለንም። እሱ አልነካም ብሎ ሽምብራ ሲቆረጥም ይውላል። ስንስቅበት ይቆጣል። ሲሞት ቄስ አምጡልኝ አለን፤ አምጥተን ቀበርነው።»
እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «እንዲህ ግትር ከሆነስ አባቴ ነው» አለች። መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ንስሐ አባቷ ሄዱ።

ቅዳሜ ፲፭
ፍትሐቱ ተደረገ። ቄሱ ወልደ ሩፋኤል ሲሉ መሪጌታ ዘወር ብለው አዩኝ። እዚህስ ልክ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነገ ነገ ስል ነበር።
እናቴ አለቀሰች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ቤት ስንገባ ራበኝ አለች፤ እህል ካስጠላት ሰንብቶ ነበር። ምን ላምጣልሽ ብላት፣ ጥርሷ እንደማይችለው እያወቀች፣
«ሽምብራ» አለችኝ።