ለአለቃህ የመጣው ጋቢ

መስፌ፣ አንተ አስቸጋሪ ሰው፣

የፊታችን እሑድ ከተለየኸን ዓመት ይሞላሃል። ዓመቱን ሙሉ ተረጋግቼ ላለቅስልህ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንባዬ ሊመጣ ሲል ንዴቱ ቀድሞት ይደርሳል። ይህን የምጽፍልህም ናፍቀኸኝ ብቻ እንዳይመስልህ። ናፍቀኸኛል፣ ግን ተናድጄብሃለሁ። ሰሞኑን ያሳየኸኝን ጉድ ሌላ ሰው አሳይቶኝ ቢሆን ሰላምታም አልሰጠው ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን ዴ ሞይን እንደ ጥንቱ ነው፤ አውሮፕላኑ ጣሪያችንን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ልጃችን ሊያ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ያንተን መኪና ትነዳለች። ጋራዡን ሳጸዳ ያንን ከላስቬጋስ ያመጣኸውን ዋንጫ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ አገኘሁት። ሰው ዋንጫ ሲያሸንፍ ሳሎን ያስቀምጣል፣ አንተ ጎማ ሥር ትደብቃለህ። አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርጌዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ግን፣ ሞኟ እኔ፣ ፎጣ ጣል አደርግበታለሁ።

ይህን ያስለመድከኝ አንተ ነህ። በኖርንበት አሥራ ስምንት ዓመት ሥራህ ፖከር ነበር። ጠዋት ምሳህን ቋጥረህ ሬንተን ወዳለው ካርታ ቤት ትሄዳለህ፣ ለእራት ትመለሳለህ። መጠጥ አትቀምስም። ሲደክምህ እያሸነፍክም ቢሆን ትነሳለህ። ቁማር ነው ስልህ ሒሳብና ትዕግሥት ነው ትለኝ ነበር፤ እኔ ይህን ለማመን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ካመንኩ በኋላ ግን አንድ ቀን አላፈርኩብህም። ያፈርከው አንተው ነህ። ለእህትህ ለእትዬ ዘነበች የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠርኩ አልካቸው፣ ከዚያ ማን ያቁምህ። በጋ ላስቬጋስ ለውድድር ስትሄድ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ልኮህ ነው። ዕድገት አገኘሁ ያልካቸውማ ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው። እርሳቸውም አዲስ አበባ ተቀምጠው አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ብለው ያማትባሉ፣ ወንድሜ የሠራው ይሆናል እያሉ።

ቀብርህ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክህም በአውሮፕላን ፋብሪካ በትጋት እንዳገለገልክ ይናገር ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከኋላ የቆሙት የካርታ ጓደኞችህ አማርኛ ስለማይሰሙ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

እትዬ ዘነበች ያኔ ቪዛ አልደረሰላቸውም፤ ለሙት ዓመትህ ግን ይኸው መጡ። ሻንጣቸውን ሲከፍቱ ከበርበሬውና ከሽሮው ተለይቶ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ጋቢ ወጣ። ለማን ነው ብላቸው ለአለቃው ነው አሉኝ። ወንድሜን ይህን ያህል ዘመን ይዞ ያኖረን ሰው ሳላመሰግን ብመለስ ነውር ነው፣ ነገውኑ ፋብሪካው ውሰጂኝ አሉ። አንድ ቀን አለቃው ፈቃድ ላይ ነው አልኩ፣ በማግሥቱ መንገዱ ተዘግቷል አልኩ። ሦስተኛው ላይ ሰበብ ስፈልግ ሊያ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና ‹‹ማም፣ ጀስት ቴል ኸር። ፕሊስ›› አለችኝ። መንገሩ ቀላል መስሏታል። እሑድ የሕይወት ታሪክህ እንደገና ሊነበብ ነው፣ እትዬ ከፊት ሊቀመጡ ነው። እውነቱን ብናገር እናት ሆነው ያሳደጉህን ሴት በሰው ፊት ላዋርድ፤ ዝም ብል ደግሞ ውሸትህን ዕድሜ ልኬን ልሸከምልህ።

ዝም ለማለት ምን ያህል እንደተቃረብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያስቆመኝ የልብህ ነገር ነው። ከሞትክ በኋላ ነው ሐኪሙ፣ ልብህ መታመሙን ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቅ እንደነበር የነገረኝ። ያን ቀን ከምርመራ ስትመለስ ምን አሉህ ብዬህ ‹‹ኖርማል ነው›› አልከኝና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርክ። ፊትህ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ያንን እንጀራ የበላህበትን ፊት እኔ ላይ አመጣኸው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ባዶ እጅ ይዞ ሙሉ መምሰል ጨዋታው ነው፤ የተቀመጡትም ይህን አውቀው ነው የተቀመጡት። እኔ ምን አድርጌህ ነው? መድኃኒትህን አስታውስህ ነበር። ከባድ ዕቃ አላሸክምህም ነበር። በዚያ በመጨረሻው ጠዋት ቆሻሻውን ሳታወጣ ልትሄድ ነው ብዬ አልጮህብህም ነበር መስፌ።

ሐሙስ ዕለት ወሰድኳቸው። ካርታ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርታ? አሉኝ። አዎ እትዬ አልኩ። ጋቢውን ጭናቸው ላይ አቀፉ። አሁን መልሺኝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ የመቀመጫውን ቀበቶ መጎተት ጀመሩ፤ ‹‹ፍቺልኝ፣ ልግባ›› አሉ።

ሁለት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነበር የሚጫወቱት። ካርታ የምታድለው ቬትናማዊቷ ሊን እኔን ስታይ ጨዋታውን አቁማ ተነሳች። እህቱ ናቸው ስላት ‹‹ሹራብ እየሠሩ ያሳደጉት?›› ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ጠረጴዛው ሙሉ ያውቃቸዋል! ሰፈራቸውን፣ የሹራብ መኪናቸውን፣ ክፍል ስትደግም የገረፉህን ሳይቀር። እትዬ የቤቱ ኃላፊ የቱ ነው አሉና፣ ክንዱን ሙሉ የተነቀሰውን ያንን ግዙፍ ሰውዬ ጎንበስ አስብለው ጋቢውን አለበሱት። እንደ ዲያቆን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ሊን ወደ እኔ ዞራ፣ ክኒኑን እንዳይረሳ በየቀኑ አስታውሰው ነበር አለችኝ፣ ልታጽናናኝ።

ሊን ታውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። ስታታልላቸው ለምትውላቸው ሰዎች እውነቱን ነግረህ እኔን ኖርማል ነው አልከኝ። ያለችውን ለእትዬ አልተረጎምኩላቸውም።

መኪና ውስጥ ግን ምን አለችሽ ብለው ያዙኝ። ነገርኳቸው፤ ነገርኳቸው ሳይሆን ጮህኩባቸው፣ አንተን ሳጣ በእርሳቸው። ጮኼ እስክጨርስ ጠበቁኝና ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። አባታችሁ ሲሞት ዘጠኝ ዓመትህ ነበር አሉኝ። ዘመድ እናንተን ለያይቶ ሊከፋፈል መጥቶ ነበር። እትዬ፣ ያኔ ራሳቸው ልጅ፣ ጓዳ አስገብተው ካለቀስክ አልቻለችውም ብለው ይወስዱሃል፣ ሰው ፊት እንዳታለቅስ አሉህ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት እንባ አላወጣህም። ‹‹ጎበዝ አልኩት፣›› አሉኝ እትዬ፣ ‹‹ሳምኩትና ጎበዝ አልኩት።››

ይህን ሰምታ ይቅር ብላኛለች ብለህ እንዳትዘናጋ። አሁንም ብሽቅ እንዳልኩ ነው። ግን የሕይወት ታሪክህን አብረን እንደ አዲስ ጻፍነው። ሥራው ፖከር ነበር ይላል፤ እትዬ ጎበዝ ተጫዋች ነበር የሚለውን ጨምሪበት ብለው አስጨመሩኝ። ልብህ መታመሙን እንዳልነገርከኝም ጽፌዋለሁ፤ እርሳቸውም አውጪው አላሉኝም።

እሑድ የማነበው ራሴ ነኝ። እንደነበርክ አስታውስሃለሁ መስፌ፣ ከነውሸትህ፣ ከነትዕግሥትህ። ደግሞም ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ላንተም ለእኔም፣ እስኪወጣልኝ አለቅሳለሁ።

ሰናይት