የሰርጉ ሲዲ

አብሮ አደጌ፣

በዚህ ፖስት ካርድ ፊት ላይ ያለውን ሐይቅ አላየሁትም፤ ካርዱን የገዛሁት ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። እኛ ጋ ወረፋ ላይ ሰው ያጫውትሻል፣ እዚህ ሁሉም የገዛ ጫማውን ነው የሚያየው። ኤምአርአይ የምታነሳኝ ልጅ ከአምናው ምስል ጋር እንድታስተያየው ሲዲውን ሰጠኋት። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የልጄ ሰርግ! እኔ ወገቤን ይዤ እጨፍራለሁ። «እርስዎ ነዎት?» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። የሕመሜን ምስል ከልጄ ልሸሽግ ስል ሲዲዎቹን አቀያይሬያቸው ኖሯል።

ከዚያ ክንዴ ላይ መድኃኒት ወግተው፣ ደም የሚስበውን ቦታ ለይቶ በሚያሳየው የኤምአርአይ ዓይነት አነሱኝ። ሐኪሙ አልሳቀም። «የአምናው የጨረር ሕክምና ጠባሳ እንዲህ ደም አይስብም፤ የማህፀን በር ካንሰሩ ተመልሷል» አለኝ።

የቤቴ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው። የአምናው ምስሌ «ሰርግ» የሚል በተጻፈበት መያዣ ውስጥ አለ፤ ልጄ የሰርጌን ሲዲ ልውሰድ ብላ ሳትመጣ አውጪልኝ። አምናም መታመሜን አላወቀች፣ አሁንም ለሽርሽር የሄድኩ ነው የመሰላት።

ቦታ አለቀብኝ፤ ባለቤትሽንና ልጆችሽን ሳሚልኝ። ለልጄም ይሄንኑ ሐይቅ ልኬላታለሁ፣ «ውሃው ደስ ይላል» ብዬ።